ሊዝበንን አጎንብሶ ማየት

ሊዝበን ደርሶ የተመለሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ከፍታዋ ነው። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት። በየኮረብታው አናት ሚራዶሩ የሚሉት የማያ ሰገነት አለ። እዚያ ወጥቶ ቀዩን የሸክላ ጣሪያ፣ ቴዡ ወንዝ ወደ አትላንቲክ የሚገባበትን ሰፊ አፍና በወንዙ ላይ የተዘረጋውን ቀይ ድልድይ ፎቶ ማንሳት የእንግዳ ሁሉ ወግ ሆኗል። ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ኮረብታና ውኃ ያለው ከተማ ሁሉ እንዲህ ያለ እይታ አያጣም። ሊዝበን ብቻ ያላትን ለማየት አንገትን ወደ መሬት መስበር፣ አለዚያም ግድግዳ ሥር ቆሞ አፍንጫን እስኪነካ መጠጋት ያስፈልጋል። የዚህች ከተማ ባለሙያዎች ትልቁን ጥበባቸውን ያፈሰሱት ሰው በሚረግጠውና ተደግፎት በሚያልፈው ነገር ላይ ነው። የሥራቸውም ደረጃ የሚለየው አንዱ ቁራጭ ከሌላው በሚገናኝበት መጋጠሚያ ላይ ነው።

ከከተማዋ እምብርት ከሮሲዩ አደባባይ እንነሣ። አደባባዩ በጥቁርና በነጭ ድንጋይ ተነጥፏል። ጥቁሩ እየተጣመመ፣ ነጩ እየተከተለው ከዳር እስከ ዳር ማዕበል ይሠራሉ። መሬቱ ለጥ ያለ ነው፣ ዓይን ግን አላምንም ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሻገር ሰው ሳያስበው ርምጃውን ሲያስተካክል ታያላችሁ። እንግሊዛውያን መንገደኞች በዱሮ ጊዜ «የሚናወጠው አደባባይ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ንጣፉ የተሠራው በ1848 እና በ1849 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ ስፋቱም ከ8 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ነበር። ይኸው ማዕበል ኋላ ባሕር ተሻግሮ የሪዮ ዴ ጃኔይሮውን የኮፓካባና ዳርቻ አስጊጧል። ዓለም የሚያውቀው የብራዚሉን ነው፤ እናቱ ግን ይህችው ናት።

የጥበቡ አጀማመር የእስረኛ እጅ ነው። በ1842 የሳው ዦርዥ ምሽግ አዛዥ የነበረው የጦር መሐንዲስ ኤውዜቢዩ ፉርታዱ፣ በእግረ ሙቅ የታሰሩ ሰዎችን አሰማርቶ የምሽጉን ግቢ ወዲያና ወዲህ በሚመላለስ ጥቁርና ነጭ መስመር አስነጠፈ። የከተማው ሰው ጉድ አለ፣ ለማየትም ይወጣ ጀመር። ሮሲዩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእነዚያን እስረኞች ስም የያዘ ሰሌዳ አላየሁም።

አሁን ጎንበስ በሉ። ነጩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከሊዝበን በስተሰሜን ካሉት ከአይሬና ከካንዴይሩሽ ተራሮች አካባቢ ይወጣል። ጥቁሩም በአመዛኙ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ባሳልት የተነጠፈበት ቦታም አለ። የአብዛኛው ድንጋይ ጎን ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ካልሴቴይሮ የሚባለው አንጣፊ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ድንጋዩን በግራ መዳፉ ይይዝና በመዶሻ ይመታዋል። በመዳፉ ላይ! ማስደገፊያ የለም፣ መሮ የለም። ድንጋዩን ያገላብጠዋል፣ በየት በኩል ለመሰንጠቅ እንደሚመቸው በዓይኑ ይፈልጋል፣ ከዚያ ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል። የሚፈልገው ጎን ይወጣል፣ ፍርፋሪው ጉልበቱ ላይ ይረግፋል። ላዩን ሰፋ፣ ሥሩን ጠበብ አድርጎ ነው የሚጠርበው፣ ልክ እንደ መንጋጋ ጥርስ። ስለዚህ ድንጋዮቹ ከላይ ጎን ለጎን ሲገጥሙ በመካከላቸው ክር የሚያስገባ አይመስልም፤ ከሥር ግን አሸዋው ገብቶ የሚይዛቸው ቦታ አለ። በመዶሻው ጀርባ አሸዋውን ጫር ያደርጋል፣ ድንጋዩን ያስቀምጣል፣ በመዶሻው ራስ መታ አድርጎ ያስተኛዋል። ሰፋ ያለ ቦታ ሲሸፈን በመጋጠሚያው ላይ አሸዋና ሲሚንቶ ይበተናል፣ ውኃ ይርከፈከፋል፣ በመጨረሻ በከባድ መደልደያ ይቀጠቀጣል።

ጥሩውን ከመጥፎው መለየት የፈለገ ሰው ማዕበሉ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይቁም። ቅርጹ የሚወጣው መሬት ላይ በሚጋደም ፎርማ ነው፤ ፎርማው ግን መስመሩን እንጂ ድንጋዩን አይጠርብም። ሰነፍ አንጣፊ ቀጥ ብሎ ይመጣና ጫፉ ላይ ሲደርስ ድንገት ይታጠፋል፤ የቀረውን ሽንቁር በፍርፋሪና በሲሚንቶ ይደፍነዋል። ጎበዙ ጥምዝምዙን ለብዙ ድንጋይ ያከፋፍለዋል። እያንዳንዱ ድንጋይ ከጎረቤቱ በጥቂቱ ብቻ ዘመም ስለሚል የትኛው ላይ መታጠፍ እንደተጀመረ ማመልከት አይቻልም። ጥቁሩ ቀጥኖ በሚያልቅበት ሹል ጫፍ ላይ ደግሞ የመጨረሻዋ ድንጋይ ሦስት ማዕዘን ሆና፣ ነጮቹ በሁለቱም ጎኗ በልኳ ተጠርበው ተጠግተዋት ታገኛላችሁ። ሥዕል የሌለበት ነጩ ሜዳም ቢሆን እንዲሁ አልፈሰሰም። ብዙ ቦታ ረድፎቹ ከመንገዱ ጠርዝ አንጻር ሰያፍ ይሄዳሉ፤ ጠርዙ ጋ ሲደርሱ ግማሽ የሆኑ ባለ ሦስት ማዕዘን ድንጋዮች ይዘጓቸዋል። አንዳንድ አንጣፊም ማንም በማያስተውለው ጥግ የራሱን ትንሽ ምልክት ጥሎ አልፏል።

አዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ኮብልስቶን ጠርቦና አንጥፎ ያደረ ወጣት ብዙ ስለሆነ፣ ይህ ሥራ ለእኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም። የወገብ ሕመሙንም የድንጋይ ብናኙንም የሚያውቅ ያውቀዋል። ሊዝበንም ውስጥ ወጣቱ ከዚህ ሙያ እየሸሸ ስላስቸገረ የከተማው አስተዳደር በ1986 የአንጣፊዎች ትምህርት ቤት ከፈተ። በ2021 ደግሞ ሙያው በፖርቱጋል የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። መዝገብ ላይ መስፈር ደመወዝ አይጨምርም እንጂ ክብሩ ደግ ነው። ሆኖም በንጣፉ ላይ አንድ እውነተኛ ስሞታ አለ፦ ያንሸራትታል። ነጩ ድንጋይ በጫማ ብዛት ይለሰልሳል፣ ዝናብ ሲነካው መስታወት ነው፤ ከዳገቱ ጋር ተደምሮ ለአዛውንትና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ፈተና ነው። ከተማው በ2014 ያጸደቀው የእግረኞች ዕቅድ በዚህ ጉዳይ ብዙ አከራክሯል። ስሞታው ልክ ነው እላለሁ። ነገር ግን መጋጠሚያው ሰፍቶ፣ ድንጋዩ ተላቆ፣ የዛፍ ሥር ገፍቶት ባበጠ ንጣፍ ላይ ሰው ሲሰናከል ጥፋቱ የጥበቡ ሳይሆን የጥገናው ነው። በደንብ የተነጠፈው ውኃውን በየመጋጠሚያው ወደ መሬት ያሰርገዋል፤ ቧንቧ ለመቅበር ቢቆፈር እንኳ ያው ድንጋይ ተነሥቶ ያው ቦታ ይመለሳል። አስፋልት ይህን አይችልም።

ከሮሲዩ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቀጥ ቀጥ ያለው ሰፈር ባይሻ ነው። ኖቬምበር 1 ቀን 1755 መሬት ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ከወንዙ ማዕበል መጣ፣ ከዚያ ለቀናት የነደደ እሳት ቀጠለ። የድሮዋ ሊዝበን እምብርት ጠፋ። ከተማዋን መልሰው የነደፉት ማኑኤል ዳ ማያ፣ ኤውዤኒዩ ዱሽ ሳንቱሽና ካርሉሽ ማርዴል የተባሉ መሐንዲሶች ናቸው። የጎዳናዎቹ ስም ዛሬም የሙያተኛ ስም ነው፦ የወርቅ፣ የብር፣ የጫማ ሰፊዎች፣ የወርቅ ቀቢዎች ጎዳና። ዋናው ብልሃት ግን አይታይም። በየግድግዳው ውስጥ ጋዮላ የሚባል የእንጨት አጽም አለ። ቋሚውና አግዳሚው እንጨት በመስቀለኛ እንጨት እየተያያዘ፣ በመካከሉ ድንጋይና ኖራ እየተሞላ የተሠራ ሲሆን፣ መሬት ሲናወጥ እንጨቱ ከመጋጠሚያው እንዲወዛወዝ እንጂ እንዳይሰበር ታስቦ ነው። ወታደሮች በሞዴሉ ዙሪያ መሬቱን እየረገጡ እንዲፈትኑት ተደረገ ይባላል። ይህ ሁሉ የአናጺ ልፋት በልስን ተሸፍኖ ቀርቷል፤ ጎብኚው ከፊት ያለውን ቢጫ ቀለም ብቻ አይቶ ያልፋል።

ወደ ሺያዱ ሰፈር በሚያወጣው በሩዋ ዱ ካርሙ ላይ በ1925 የተከፈተች ሉቫሪያ ኡሊሴሽ የምትባል ጓንት መሸጫ አለች። ስፋቷ 4 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከገዢ በስተቀር ማንም አይቆምባትም። ጓንት ለመለካት ክርናችሁን ትንሽ ትራስ ላይ ታሳርፋላችሁ። ሻጩ በእንጨት መቆንጠጫ የጓንቱን ጣቶች ከውስጥ ከፈት ከፈት ያደርጋል፣ ዱቄት ነስነስ ያደርግበታል፣ ከዚያ ጣት በጣት እየጫነ ያለብሳል። ገዝታችሁም ሆነ ሳትገዙ በጣትና በጣት መካከል የምትገባዋን ቀጭን የቆዳ ቁራጭ ተመልከቱ። ስፌቷ አንዲት ነጥብ ብትስት ጓንቱ ይሸበሸባል። ቆዳ በሚለፋበት አገር የተወለደ ሰው ይህችን ሱቅ ሲያይ ትንሽ ቅናት ቢጤ ይሰማዋል።

ዳገቱን ትንሽ ስትገፉ፣ ትሪንዳዴ አካባቢ፣ ከላይ እስከ ታች በሸክላ ንጣፍ የተለበጠ ቤት ታገኛላችሁ። ሠዓሊው ሉዊሽ ፌሬይራ ነው፤ ሕዝቡ ግን ፌሬይራ ዳሽ ታቡሌታሽ ይለዋል፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይሥል ስለነበር። ሥራው የ1864 ነው። መሬት፣ ውኃ፣ ንግድ፣ ኢንዱስትሪ፣ ሳይንስና እርሻ በስድስት ሰዎች ተመስለው በመስኮቶቹ መካከል ቆመዋል። ከመንገዱ ማዶ ሲታዩ ግድግዳው ተቦርቡሮ ሐውልት የገባበት ይመስላል። ቀርባችሁ ብትዳስሱት ልስልስ ያለ ሜዳ ነው፤ ጥላውም ጉድጓዱም በብሩሽ የተሠራ ማታለያ ነው። የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ቢሆን ያፍርበት በነበረው ዓይን አውጣ ብርቱካናማና ቢጫ ሠርቶታል። ሰውየው ከሰሌዳ ሥዕል እንደመጣ ያስታውቃል፤ በሩቅ መነበብን ያውቅበታል። እኔ በጣም የምወደው የቤት ገጽ ይህ ነው።

ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ የሳው ሮኬ ቤተ ክርስቲያን አለ። ፊቱ ምንም አይል፤ ውስጡ ግን ንጉሥ ዡዋው አምስተኛ በ1742 ሮም ያዘዘው የመጥምቁ ዮሐንስ ጸሎት ቤት አለ። ቫንቪቴሊና ሳልቪ ነደፉት፣ ሮም ውስጥ ተሠራ፣ ጳጳሱ ባረኩት፣ ከዚያ ተፈታትቶ በመርከብ ተጫነና ሊዝበን መጥቶ እንደገና ተገጠመ። ላፒስ ላዙሊው፣ አጌቱ፣ ወርቁ ይቅር። የክርስቶስ ጥምቀት የሚታይበት ትልቁ ሥዕል ላይ ብቻ ዓይናችሁን ጣሉ። የዘይት ቀለም ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። ሞዛይክ ነው፤ የማቲያ ሞሬቲ ሥራ፤ ቁርጥራጮቹ ከማነሳቸው የተነሳ ከቆማችሁበት መለያየታቸው አይታይም። እንዲህ ያለ ሥራ አፍ ያስከፍታል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ልቤን አይወስደውም። ድንጋዩ ድንጋይነቱን ከካደ፣ ያ ሁሉ ትዕግሥት ሥዕል ለመምሰል ብቻ ከዋለ፣ በብሩሽ መሣል ምን ነውር ነበረው? ሮሲዩ ላይ ያለው ድንጋይ ማዕበል ሆኖም ድንጋይ ነው።

ስለ ሸክላ ንጣፉ፣ እነሱ አዙሌዡ ስለሚሉት፣ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም አሠራሩን ያላወቀ ሰው ሰማያዊ ጌጥ ብሎ ያልፈዋል። ጎኑ ብዙ ጊዜ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሸክላ ገበታ በመጀመሪያ ባዶውን ይተኮሳል። ከዚያ ቆርቆሮ ኦክሳይድ ባለበት ነጭ ፈሳሽ ይነከራል። ይህ ነጭ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል፣ የነካውን ርጥብ ሁሉ ይመጥጣል። ሠዓሊው የሚሥለው በዚህ ዱቄት ላይ ነው። ንድፉ ያለበትን ወረቀት በመርፌ ይበሳሳዋል፣ ገበታው ላይ ያሳርፈዋል፣ የከሰል ዱቄት በቋጠረ ጨርቅ ጠፍ ጠፍ ያደርገዋል፤ ወረቀቱ ሲነሣ ነጠብጣብ መስመር ይቀራል። ያንን ተከትሎ ብሩሹን ይነዳል። አንዴ የነካውን ማጥፋት አይችልም። ሰማያዊ የሚሆነው ኮባልት ደግሞ ከመተኮሱ በፊት ድፍርስ ግራጫ ቢጤ ስለሆነ፣ የሚሥለውን ቀለም ሳያየው ነው የሚሥለው። ከሁለተኛው እሳት ሲወጣ ነጩ መስታወት ይሆናል፣ ኮባልቱም ሰማያዊነቱን ይገልጣል። በየገበታው ጀርባ ፊደልና ቁጥር ተጽፎበታል፤ ግድግዳው ላይ የሚለጥፈው ሰው ረድፉንና ተራውን የሚያውቀው በእሱ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ሥር ስትቆሙ ሥዕሉን ተዉትና መስመር ከአንዱ ገበታ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ቦታ ተከተሉ። የፈረሱ እግር በመጋጠሚያው ላይ ሳይሰበር ካለፈ ሠዓሊውም፣ ምድጃ አንዳጁም፣ ለጣፊውም ልከኞች ነበሩ ማለት ነው። አንዳቸው ቢሰንፉ ፈረሱ ያነክሳል።

ይህን በደንብ ለማየት ከመሐል ከተማ ወጣ ያለው ብሔራዊ የአዙሌዡ ሙዚየም ነው ቦታው። ሙዚየሙ ያለው ንግሥት ሌዎኖር በ1509 ባቋቋመችው የማድሬ ደ ዴውሽ ገዳም ውስጥ ነው። እዚያ በ1700 አካባቢ የተሠራ፣ ርዝመቱ ወደ 23 ሜትር የሚጠጋ የከተማዋ ሥዕል አለ፤ 14 ኪሎ ሜትር የሚያህል የወንዝ ዳርቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታይበታል። ሠዓሊው ጋብሪኤል ዴል ባርኮ ነው ይላሉ። ይህች ሊዝበን ከ1755ቱ መንቀጥቀጥ በፊት የነበረችው ናት፤ የወንዝ ዳር ቤተ መንግሥቱ፣ ገበያው፣ መርከቦቹ፣ ኋላ የፈረሱት አብያተ ክርስቲያናት አሉባት። ሙሉውን በአንድ ጊዜ ለማየት አትሞክሩ። አንድ ሜትር ያህል ቦታ ምረጡና ጀልባዋን፣ መቅዘፊያዋን፣ መስኮቱን ቁጠሩ። ርቆ ያለው ኮረብታ በቀጠነ ሰማያዊ፣ ቅርብ ያለው ግንብ በጠገበ ሰማያዊ ተሥሏል፤ አንድ ኮባልት በውኃ እየቀጠነና እየወፈረ ርቀት ሆኗል።

በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ አልፋማ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ የሚቆመው የፌይራ ዳ ላድራ ገበያ ላይ ያረጀ ነጠላ አዙሌዡ ሲሸጥ ታያላችሁ። ያምራል፣ ከሻንጣ ይገባል፣ ዋጋውም አይከፋም። አትግዙ። ከየቤቱ ግድግዳ እየተፈለቀለ የሚሰረቀው ብዙ ስለነበር የፖሊስ ሙዚየም በ2007 «ኤስ ኦ ኤስ አዙሌዡ» የሚል የጥበቃ ፕሮጀክት አቋቁሟል። በ2017 ደግሞ በሸክላ የተለበጠን የቤት ገጽ ያለ ፈቃድ መፈልቀቅ በሕግ ተከልክሏል። እነዚያ የተነቀሉ ገበታዎች በጀርባቸው ያለው ቁጥር የማንን ረድፍ እንደሚጠራ ገዢው ያውቃል?

ከሙዚየሙ ስትመለሱ በሜትሮ አረንጓዴው መስመር ኢንቴንደንቴ ላይ ውረዱ። የሊዝበን ሜትሮ በ1959 ሲከፈት ጣቢያዎቹን የነደፈው አርክቴክት ኬይል ዱ አማራል ነበር፤ ለጌጥ የተረፈ ገንዘብ ግን አልነበረም። ባለቤቱ ሠዓሊ ማሪያ ኬይል ለግድግዳው አዙሌዡ ነደፈች። በዚያን ጊዜ ይህ ጥበብ ያረጀ፣ የወጥ ቤትና የሥጋ ቤት ግድግዳ ጉዳይ ተደርጎ ይታይ ነበር። እሷ ሰውም ፈረስም አልሣለችም፤ ጥቂት ዓይነት ገበታ ወስዳ በማገላበጥና በመደርደር ብቻ የሚንቀሳቀስ ግድግዳ አወጣች። በ1966 የተከፈተው ኢንቴንደንቴ የሥራዎቿ ቁንጮ ነው። ባቡር እስኪመጣ ሦስት ደቂቃ ካላችሁ አንድ ገበታ ምረጡና የት የት እንደተደገመ ፈልጉ። ባቡሩ ሳይቀድማችሁ አትጨርሱትም።

አልፋማን ሁሉም ሰው ስለ ፋዱ ዘፈንና ስለ 28 ቁጥር ትራም ያወድሰዋል፤ እኔ ልድገመው አልፈልግም። በሩዋ ደ ሳው ቶሜ ግን ትንሽ ቁሙ። ቪልሽ የሚባለው ሠዓሊ ከከተማው አንጣፊዎች ጋር ሆኖ በ2015 የፋዱዋን ንግሥት የአማሊያ ሮድሪጌሽን ፊት በጥቁርና በነጭ ድንጋይ ሠርቷል። ንጣፉ ከመሬት ይነሣና ቀስ ብሎ ተቀልብሶ ግድግዳ ላይ ይወጣል፤ ዝናብ ሲዘንብ ውኃው በፊቷ ላይ ይወርዳል። ጎብኚው የሚወደው ዕንባዋን ነው። ሙያውን ለሚያይ ሰው ግን ቁም ነገሩ ንጣፉ የሚቀለበስበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ድንጋዮቹ ፊታቸው በጣም እንዳይራራቅ፣ ሥራቸውም እርስ በርስ እንዳይገፋፋ ሆነው መጠረብ ነበረባቸው። ሜዳ ላይ አሸዋ የሚይዘውን ድንጋይ እዚህ ሲሚንቶው መሸከም አለበት።

ቤሌም ከመሐል ከተማው በስተምዕራብ በወንዙ ዳር ነው፤ በትራም ወይም በባቡር ይኬዳል። እዚያ ያሉት ገዳምና ግንብ የተሠሩበት ድንጋይ ሊዮሽ ይባላል፣ ዕብነ በረድ ለመሆን ትንሽ የቀረው የኖራ ድንጋይ። በዘመን ብዛት ወርቅማ ይሆናል፤ ቀርባችሁ ስታዩት በውስጡ የጥንት የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ተቆርጦ ይታያል። ንጉሥ ማኑኤል የዤሮኒሙሽን ገዳም በ1501 ገደማ ያስጀመረው ከአፍሪካና ከምሥራቅ በሚመጣው ንግድ፣ በተለይም በቅመም፣ ላይ በጣለው ቀረጥ ነው። በአቅራቢያው ያለው የቤሌም ግንብ በ1514 ተጀመረ፣ የፍራንሲሽኩ ደ አሩዳ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት የእኛዋ ንግሥት እሌኒ የላከችው መልእክተኛ ማቴዎስ ሊዝበን ገባ። የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው እንጂ ይህ ዳርቻ ለእኛ የታሪክ ቦታ ነው። ከ13 ዓመት በኋላ ደግሞ የአፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ ከቄስ ፍራንሲሽኩ አልቫረሽ ጋር መጥቶ በዚህች ከተማ ለዓመታት ቆይቷል። ስለ ሃይማኖታችን የጻፈውን ዳምያው ደ ጎይሽ ወደ ላቲን መልሶ በ1540 አሳትሞታል። ጸጋ ዘአብ ሲደርስ የገዳሙ ደቡባዊ በር ከተጠናቀቀ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ሳያየው አልቀረም።

ግንቡን የሚዞረውን የድንጋይ ገመድ በዓይናችሁ ተከተሉ። መርከበኛ የሚጎነጉነው ዓይነት ወፍራም ገመድ ነው፤ ግን አንድ ድንጋይ አይደለም፣ ብዙ ድንጋይ ተቀጣጥሎ ነው። ጠራቢው ሽምኑን አንዱ ድንጋይ ላይ ጀምሮ በሚቀጥለው ላይ በዚያው ዝመት መቀጠል ነበረበት፤ ያውም ድንጋዩ ግንቡ ላይ ከተገጠመ በኋላ የማስተካከያ ቦታ እምብዛም ሳይኖረው። መጋጠሚያውን የምታገኙት ሽምኑ ተዛብቶ ሳይሆን የድንጋዩ ቀለም ጥቂት ተለውጦ ነው። ከአንዱ ማማ ሥር የአውራሪስ ራስ ወጣ ብሎ አለ፤ በ1515 ከሕንድ በመርከብ የመጣው አውራሪስ መታሰቢያ ነው። ነፋስና ጨው በልቶት ዛሬ አውራሪስነቱን በግምት ነው የምንለየው።

የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚታየው ተአምር የተሻገረው ቅስት ነው፤ በመስቀለኛው ክፍል 29 በ19 ሜትር የሆነ ጣሪያ ያለ አንድ ምሰሶ ቆሟል። የ1755ቱ መንቀጥቀጥ አልጣለውም። ዡዋው ደ ካሽቲሉ ያሠራው ደቡባዊ በር ግን ይበልጥብኛል። ከፍታው 32 ሜትር ነው፤ ከ1516 እስከ 1518 ባለው ጊዜ ተሠራ። መሐል ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ አለች፣ ከላይዋ የመላእክት አለቃ ሚካኤል፣ በሁለቱ መዝጊያዎች መካከል ባለው ዓምድ ላይ መርከበኛው ልዑል ኤንሪኬ። በነቢያትና በሐዋርያት መካከል ያለው ቦታ ሁሉ በቅጠል፣ በሐረግና በጠለስ ተሞልቷል። ትልልቆቹን ሐውልቶች ተዉአቸው፣ ማንኛውም መጽሐፍ ላይ አሉ። ከዓይናችሁ ከፍታ ብዙም ያልራቀችውን አንዲት የሐረግ ቅጠል ያዙ። ከኋላዋ ተቦርቡራለች፤ ብርሃን ከጀርባዋ ያልፋል። መሮው ሳይታይ በጀርባ በኩል ገብቶ ነው፤ አንድ ያልታሰበ ምት ቅጠሏን ይገነጥላት ነበር። ከ30 ሜትር በታች ቆሞ የሚያይ ሰው ይህን አይለይም፤ ጠራቢው ግን ላይኞቹንም እንደዚሁ ቦርቡሯቸዋል።

ፊት ለፊት ያለው ረጅም ሰልፍ ወደ ገዳሙ ውስጠኛ ግቢ ለመግባት ነው። ይህ በር በመንገዱ በኩል ስለሆነ ለማየት ትኬትም ሰልፍም አይጠይቅም። ወደ ደቡብ ስለሚያይ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ትመታዋለች፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ጥላው ስለሚጠፋ ቅርጹ ይደበዝዛል። ጠዋት ወይም አመሻሹ ላይ ሂዱ፣ ባይኖክላር ካላችሁም ያዙ።